ተራ የሚያስጠብቅ ጌም ኋላ ቀር አይደለም

ባለፈው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ ጌም ቤት ሁለት ወጣቶች ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛው፣ ተራ በተራ የሚካሄዱ የታክቲክ ጌሞች ጊዜ ያለፈባቸውና ትዕግሥት የሚያስጨርሱ ናቸው፤ ጌም ማለት በኢንተርኔት ገብቶ በቅጽበት የሚዋጉበት ነው ባይ ነበር። ጓደኛው ብዙም አልመለሰለትም። ሁለቱንም ዓይነት ለዓመታት ስለተጫወትኩ መልስ ሳይሰጠው መቅረት የለበትም እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጡትን ዲያብሎ 3ን እና ኤክስኮም፦ ኢነሚ አንኖውንን እንውሰድ። በዲያብሎ ተጫዋቹ በጭራቆች መንጋ መካከል እየተሯሯጠ ይመታል፤ ከወደቁት ላይ የተሻለ ሰይፍና ጥሩር ይለቅማል፤ በዚያው ሰይፍ ደግሞ የበለጠ የሚከብድ ጭራቅ ይገጥማል። የእጅ ፍጥነትና የመሣሪያ ምርጫ ሲገጣጠሙ የሚሰጠው ደስታ እውነተኛ ነው፤ አልክደውም። በኤክስኮም ግን ከአራት እስከ ስድስት የሚደርሱ ወታደሮችን የሚመራው ተጫዋች ለእያንዳንዳቸው በአንድ ተራ በመሠረቱ ሁለት ድርጊት ብቻ ተፈቅዶለት፣ ማን ወዴት እንደሚሄድና ማን እንደሚተኩስ የሚወስነው የፈለገውን ያህል አስቦ ነው። ግማሽ ከለላ ያገኘን ወታደር የመምታት ዕድል በ20 ነጥብ፣ ሙሉ ከለላ ያገኘውን ደግሞ በ40 ነጥብ ይቀንሳል። ሒሳቡ ሁሉ ፊት ለፊት ተቀምጧል።

ልዩነቱ የገባኝ በሁለት ሞቶች ነው። በዲያብሎ አንዴ ከሞቱ መመለስ በሌለበት ሃርድኮር ስልት ለሳምንታት ያሳደግሁት ተዋጊ፣ በውጊያ መካከል ኮኔክሽኑ ቀጥ ብሎ ሲመለስ ሞቶ አገኘሁት። ይህ ጌም በኮምፒውተር ላይ ብቻዬን ስጫወት እንኳ ኢንተርኔት ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ ደግሞ ያለው ባሕር ማዶ ነው። ያጠፋሁት ጥፋት ስላልነበረ የተማርኩትም ነገር አልነበረም። በኤክስኮም ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ በማይቻልበት አይረንማን ስልት ስጫወት፣ የቡድኑ ሐኪም ከተሰባበረ መኪና ጀርባ ተጠግታ ነበር። ማፈግፈግ ይቻላት ነበር፤ የመምታት ዕድሏ ግን 65 በመቶ ይላል። ማውሱን ለቅቄ ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ አሰብኩና እንድትተኩስ አዘዝኩ። ሳተች፤ በቀጣዩ ተራ ተገደለች። ያቺ ሞት የእኔ ውሳኔ ውጤት ናት፤ እስከ ዛሬም መኪናው አጠገብ የነበረውን አጥር እያሰብኩ ወዴት ላዛውራት ይገባኝ እንደነበር አሰላስላለሁ።

ተራ መጠበቅን የኋላ ቀርነት ምልክት የሚያደርግ ሰው ቼዝ መሰሉን የአገራችንን ባህላዊ ጨዋታ፣ ሰንጠረዥን ያስታውስ። በዚያ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ወረራ የሚባል ምዕራፍ አለ፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ በቻሉት ፍጥነት ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ግን ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ተራውን ይጠብቃል። ፍጥነቱን ለሰልፉ ሰጥተው፣ ኪሳራ ሲጀመር ለማሰቢያ ጊዜ ሰጡ። ይህን ሥርዓት እጅግ አስተዋይ ሆኖ አገኘዋለሁ።

በኢንተርኔት የሚጫወቱት ጌሞች የሚበልጡት በአብሮነት ነው የሚል ክርክርም አለ። ሩቅ አገር ካለ ጓደኛ ጋር ጎን ለጎን መዋጋት በእርግጥ ትልቅ ነገር ነው። የታክቲክ ጌም ግን የብቸኛ ሰው ጨዋታ ነው መባሉን አልቀበልም። መንገድ ዳር በቆርኪ ዳማ የሚጫወቱትን ያየ ያውቀዋል፤ የሚቀመጡት ሁለት ናቸው፣ ከኋላ ቆሞ የሚመክረው ግን ብዙ ነው። ጌም ቤቶቻችን ከኳሱና ከድብድቡ ጎን አንድ የታክቲክ ጌም ቢጭኑ፣ ሐኪሟ ትተኩስ ወይስ ታፈግፍግ በሚለው ላይ ወንበሩ ዙሪያ የቆመው ሁሉ ይከራከር ነበር፤ ያ ዝም ያለው ወጣትም የሚናገረው አያጣም ነበር።