ዋሱ እግዚአብሔር የሆነ ዕዳ

ደሴ ውስጥ ከጳጉሜን የበለጠ ተስፋ የሚበዛበት ጊዜ የለም። የጦሳ ተራራ ጉሙን ለብሶ፣ ልጆች ጳጉሜን 3 የሩፋኤል ጠበል ነው እያሉ በዝናቡ ሲቦርቁ፣ ትልልቆቹ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሲያንከባልሉት የኖሩትን ዕዳ፣ ኩርፊያና የጣሪያ ጥገና «እግዚአብሔር ካለ በአዲሱ ዓመት» ብለው ወደ መስከረም ያሻግሩታል። እንዲህ የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ቅዳሴ የማያስታጉሉ፣ የቅሬ፣ ማለትም የዕድር፣ መዋጮም (ደጋግሞ ለጠየቃቸው) የሚከፍሉ ናቸው። እኔን የሚገርመኝ እምነታቸው ቦታ መምረጡ ነው፤ የራሳቸውን ገንዘብ ሲያበድሩ ምስክርና ፊርማ ይጠይቃሉ፣ የሰው ገንዘብ እጃቸው ሲገባ ግን ከእግዚአብሔር ሌላ ዋስ አይጠሩም።

መስከረም 1 ቀን ካህናቱ በዐውደ ምሕረቱ ላይ የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን ቀን የሚያሰላውን ባሕረ ሐሳብ ያውጃሉ። በ2018 መባቻም 5500 ዓመተ ፍዳ ተደምሮ 7518 ሆነ፣ ለአራት ሲካፈል ሁለት ተረፈ፣ ዘመኑም ማርቆስ ተባለ። ይህን ሲሰሙ ከቆሙት መካከል ከሰፈራችን ሱቅ በዱቤ ሲወስዱ የከረሙ አንድ ጎረቤቴ ነበሩ፤ አዋጁን አንድም ሳያስቀሩ በቃላቸው ይዘው ሲወጡ ባለ ሱቋ ከበሩ ላይ አገኘቻቸው።

«እንኳን አደረስዎ ጋሼ፤ ነነዌ መቼ ይገባል አሉ?»

«ጥር 25፣ ሰኞ።»

«ፋሲካስ?»

«ሚያዝያ 4 ነው።»

«የእኔ የዘይትና የስኳሩስ?»

«አብሽሪ እህቴ፣ እሱን እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል፤ እኔን የቸገረኝ እርስዎ አለማወቅዎ ነው።»

ለዚህ ልማዳችን ጥቅስ አናጣለትም። ያዕቆብ በመልእክቱ አራተኛ ምዕራፍ «ጌታ ቢፈቅድ ይህን ወይም ያን እናደርጋለን በሉ» ብሎናል። ነገር ግን ይህን ያለው ወደ እገሌ ከተማ ሄደን፣ ዓመት ተቀምጠን፣ ነግደን እናተርፋለን ብለው ለሚፎክሩ ሰዎች ነው፤ የደሴን ሰኞ ገበያ በዓይኑ ያየ እንጂ ከሩቅ የጻፈ አይመስልም። እርሱ ትምክህትን እንዲያበርድ የሰጠንን ቃል እኛ ከቀጠሮ ማምለጫ አድርገነዋል። በዚያው መልእክት ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ፣ የሚበላ ለሌለው ወንድም ምንም ሳይሰጡ «እሳት ሙቅ፣ ጥገብ» ማለት ምን ይጠቅማል የሚለውን ግን ማንም ሲጠቅሰው አልሰማሁም፤ ምናልባት ገጹ ተጣብቆ ይሆናል።

የ2014ን እንቁጣጣሽ ሳስብ ቀልዴ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ከሰሜን ወሎ በጦርነቱ የተፈናቀሉ ሰዎች የከተማችንን ትምህርት ቤቶች ሞልተው ነበር። «እግዚአብሔር ካለ ከርሞ በቤታችን» የሚሉት ከማንም ለመሸሽ አልነበረም፤ ከዚያ ቃል በቀር ይዘውት የመጡት ንብረት ስላልነበራቸው ነው። የደሴ እናቶችም፣ ክርስቲያኗም ሙስሊሟም፣ እንጀራውን በመሶብ ይዘው ገቡ እንጂ «እግዚአብሔር ይስጣችሁ» ብለው ከበር አልተመለሱም። ጥቅምት ላይ ተራው ለእኛ ደርሶ፣ የራሳችንን በር ቆልፈን ቁልፉን በኪሳችን ይዘን ስንሰደድ፣ ያ ተስፋ ከጳጉሜኑ ወሬ ምን ያህል እንደሚለይ በእግራችን ተማርነው።

ከተመለስን በኋላ ትምህርቱ ብዙ አልቆየም፤ ለዚህ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ ምስክር ነው። ዲያብሎስ ጌታችንን ከመቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ «ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይይዙሃል» ባለው ጊዜ የተሰጠው መልስ «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» የሚል ነበር፤ በዚያ መንገድ ላይ ባለው የሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ግን በዚህ ነገር ከዲያብሎስ ወገን ሆነው የሚነዱ ሾፌሮች አሉ። በበዓል ማግሥት ከደሴ የተሳፈርንበት ሚኒባስ መስታወት ላይ «በእግዚአብሔር እታመናለሁ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ነበር። ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል ከእግራችን ሥር የብረት መፋጨት ድምፅ ተሰማ፤ ከፊት የተቀመጡት አዛውንት ፍሬኑ ደኅና መሆኑን ጠየቁ። ሾፌሩ ወደ ጽሑፉ እያመለከተ፣ «አባቴ አይስጉ፣ እኔ ሁሉንም ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» አላቸው።

አዛውንቱ ከዘራቸውን አነሡ። «ፍሬኑንም ሰጥተኸው ከሆነ፣ ልጄ፣ አንተ በምን ልትይዝ ነው? በል አውርደኝ» አሉት፤ እኛም ተከትለናቸው ወረድን።