ፌስቡክ ላይ መለጠፍ «ውሰዱት» ማለት አይደለም

ከሁለት ሳምንት በፊት የእህቴ ልጅ ለሥራ ኮምቦልቻ ወርዳ፣ አንድ የውበት ሳሎን መስታወት ላይ የራሷን ፊት አየች። ትልቅ ስቲከር ነው፤ ከቁመቷ አይተናነስም። መጀመሪያ የምትመስላት ሴት መስላት አለፈች። ተመልሳ ስታይ ትከሻዋ ላይ አራት ጣቶች አሉ፣ አንዱ ላይ የብር ቀለበት። የእናቴ እጅ ነው። ፎቶው ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀች ዕለት ደሴ፣ ቤታችን በር ላይ የተነሳነው ነው። ሳሎኑ የፈለገው ሹሩባዋን ነውና እኛን ሁላችንንም ቆርጦ ጥሎናል። የእናቴን እጅ ግን ከትከሻዋ ማላቀቅ አልቻለም።

ገብታ ጠየቀች። «የኔ እህት፣ ፌስቡክ ላይ አይደል እንዴ የለጠፍሽው? ሕዝብ ያየውን ነው የወሰድነው፤ ደግሞ አምሮብሻል እኮ» አሏት።

ይቺን መልስ የማይሰጥ የለም። የሰው ቪዲዮ ቆርጠው ዩቲዩብ ላይ የሚጭኑ ልጆችም፣ ቴሌግራም ላይ ልብስ የሚሸጡ ነጋዴዎችም ይሏታል። ስህተት ነው። እዚህ ላይ መግባባት አለብን።

አካውንት ስንከፍት ሳናነብ «እስማማለሁ» የምንለው ውል የለጠፍነው ነገር ባለቤት እኛው መሆናችንን ይናገራል። ከዚያ ግን ፌስቡክ ያለ ክፍያ፣ በመላው ዓለም፣ እንዲያባዛው፣ እንዲያሳየው፣ እንዲያስተካክለው፣ እንዲተረጉመው፣ ይህንኑ ፈቃድ ለሌላ እንዲያስተላልፈውም እንፈቅድለታለን። ለኔ ከሚገባው በላይ ሰፊ ፈቃድ ነው፤ ብዙ አገር ሲያጨቃጭቅ የኖረውም ለዚህ ነው። ቢሆንም ልጅቷ የተዋዋለችው ከኩባንያው ጋር ነው። ሳሎኑ በዚህ ውል ውስጥ ስሙም የለም። «ለሁሉም ይታይ» የሚለውን መርጣ ለጥፋ ሊሆን ይችላል፤ መታየት ሌላ፣ የሰው ንግድ ማስታወቂያ መሆን ሌላ።

ሕጉም ቢሆን ትናንት የመጣ አይደለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 27 ላይ፣ የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ አደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ታዋቂ ሰው ሲሆን፣ ባለሥልጣን ሲሆን፣ ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ ሲያስፈልግ፣ ወይም ፎቶው በአደባባይ ከተደረገ ዝግጅት ጋር ሲያያዝ ሌላ ነው፤ አንቀጽ 28 ይህንን ይለያል። የሹሩባ ማስታወቂያ እዚያ ውስጥ የለም። በ2016 ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ጸድቋል፤ የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ወረቀቱ አለን እንግዲህ። የጎደለው ይዞት የሚሄድ ሰው ነው። አውሮፓ ውስጥ የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ በፈረንጆቹ 2025 የሰዎችን ይፋዊ ልጥፎች ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሰልጠኛ ሊያውል ሲነሳ፣ «አልፈልግም» ለሚል ሰው የመቃወሚያ ቅጽ አብሮ ማቅረብ ነበረበት። ሕጋቸውን የሚጠቀሙበት ስለሆነ ነው።

ግን ጣቴን ሳሎኑ ላይ ብቻ ቀስሬ ማቆም አልችልም።

በ2014 መጀመሪያ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን የደሴን ትምህርት ቤቶች ሞልተው ነበር። የቻለ እንጀራ ይዞ ሄደ፣ የቻለ ብርድ ልብስ። እኔም ሄጄ ነበር፤ ስልኬንም አውጥቼ ነበር። አንዲት እናት መማሪያ ክፍል ውስጥ፣ ወንበሮቹ ግድግዳ ጥግ ተደርድረው፣ መሬት ላይ ልጇን ስታጠባ አነሳኋት። እርዳታ እንዲመጣ ብዬ ለጠፍኩት። ብዙ ሰው ሼር አደረገው፣ ብርም ተሰበሰበ። ስሟን ግን አልጠየቅኳትም። ላንሳሽ ወይ ብዬም አልጠየቅኳት። ቀና ብላ አይታኝ ነበር፣ ፊቷን ወደ ልጁ መለሰች፣ እኔ ደግሞ ዝምታዋን እንደ እሺ ቆጠርኩት።

ባለፈው ሳምንት ፈልጌ አጠፋሁት። ፌስቡክ እንደሚለው አንድ ነገር ከሲስተሙ ጨርሶ ለመጥፋት እስከ 90 ቀን ሊወስድ ይችላል። ያ ለኔ ቅጂ ነው። ሰዎች አውርደው በራሳቸው ገጽ እንደገና የጫኑትን ግን እኔ የማጠፋበት መንገድ የለኝም። አንዱን ከአንድ ዓመት በኋላ ፈጽሞ በማላውቀው ገጽ ላይ፣ ሌላ ቦታ ስለተከሰተ ሌላ ችግር ተጽፎበት አግኝቼዋለሁ። ያቺ ሴት ዛሬ ቤቷ ተመልሳ ሊሆን ይችላል፣ ልጇም ትምህርት ቤት የሚገባበት ዕድሜ ላይ ደርሷል። የጓደኞቹ ስልክ ላይ ያንን ምስል ቢያየው ምን እንደሚሰማው ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

በደግነት ያነሳነው እንኳ እንዲህ የሚያመልጠን ከሆነ፣ ለሽያጭ የተወሰደው እንዴት አያሳስብ? «ፊት እኮ ነው፣ ምን ይጎዳል» የሚለኝ ሰው አለ። የእህቴን ልጅ ፊት የሚያውቅ ሁሉ ከዚያ ሳሎን የተሠራች፣ ተከፍሏት የቆመች ይመስለዋል። ሁለቱም ውሸት ነው። ሹሩባውን የሠራችላት ጎረቤታችን ናት፤ ደሴ ውስጥ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስታ።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ የተቆጣችው በሌላ ነው። «ታዲያ ለምን አልጠየቁንም? ቢጠይቁን እንቢ እንል ነበር?» አለች። ምናልባት እሺ ትል ነበር፣ እሷ እንደዚያ ናት።

ልጅቷ ማመልከቻውን ጽፋ ጨርሳለች። አንቀጽ 27ን ጠቅሳ፣ ስቲከሩ እንዲነሳ፣ ከሳሎኑ የፌስቡክና የቲክቶክ ገጽም እንዲጠፋ ጠይቃለች። እምቢ ካሉ ወደ ፍርድ ቤት ነው፤ ሕጉ ካሳም ያስጠይቃል። ሰኞ ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ እንሰጣቸዋለን። እናቴም ቀለበቷን አድርጋ አብራን ትመጣለች።