አንድ ካሴት ለመገልበጥ ይህን ሁሉ?

የእህቴን ሰርግ ከሚኒ ዲቪ (ትንሿ የቪዲዮ ካሜራ ካሴት) ወደ ኮምፒውተር ልገልብጥ ብዬ ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ ጣጣ።

ካሜራው የዩኤስቢ ቀዳዳ አለው። ግን በሱ የሚያልፈው ፎቶ ብቻ ነው። ቪዲዮው የሚወጣው በፋየርዋየር ነው፣ ድሮ ካሜራን ከኮምፒውተር ጋር በምናገናኝበት ገመድ። እስቲ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ፋየርዋየር ፈልጋችሁ አግኙልኝ! መርካቶ ስጠይቅ የቻርጀር ገመድ ነው ያወጡልኝ።

እሺ፣ የፋየርዋየር ካርድ ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ በመከራ ተገኘ። የኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ ደግሞ ገና ሳይጫን አካውንት ክፈት፣ ኢሜይል አረጋግጥ፣ ይህን ሁሉ ጊጋባይት አውርድ ይላል። ፓኬጁን እሱ የሚገዛልኝ ይመስል! ተጭኖ ሲከፈት፣ «ካሜራ አልተገኘም»። ካሜራው እኮ በርቶ አጠገቡ ቁጭ ብሏል።

ካሜራው ከአሜሪካ የመጣ ስለሆነ የሚቀዳው ኤንቲኤስሲ በሚባለው የቪዲዮ ስታንዳርድ ነው፣ በሰከንድ 29.97 ፍሬም (ምስል)። ሶፍትዌሩ ደግሞ ሌላኛው ስታንዳርድ፣ ፓል፣ 25 ፍሬም ብሎ ድርቅ። ሴቲንጉን አንድ በአንድ እየፈለፈልኩ አስተካከልኩት።

ከሁሉም የሚያበሽቀኝ ግን መገልበጡ ነው። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ሙሉ ይፈጃል። ማፋጠን ብሎ ነገር የለም። 13 ጊጋባይት ገደማ ቦታም ይበላል። ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ሲሉ መብራት ድርግም! ፋይሉም አልከፈት አለ። በቃ፣ ካሴቱን አጠንጥኖ እንደገና ከሚዜዎቹ ጭፈራ መጀመር ነው።

እማዬ ደግሞ ከሳሎን፣ «ካሴት መገልበጥ ነው እንዲህ የሚያስጮህህ?» ትለኛለች። የቅልቅሉ ካሴት ገና አልተነካም።