ክርክር፦ ኮምፒውተርን የለወጠው ኤስኤስዲ ነው ወይስ ግራፊክስ ካርድ?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ «ባለፉት አሥር ዓመታት የኮምፒውተር ተጠቃሚውን ሥራ የለወጠው ማከማቻው እንጂ ግራፊክስ ካርዱ አይደለም» የሚል ነው። ማከማቻው ሲባል በተለይ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ማከማቻ ነው፤ ግራፊክስ ካርድ ደግሞ ምስሉን የሚሥለው ክፍል ነው። ደጋፊውና ተቃዋሚው ሁለት ሁለት ጊዜ ጽፈዋል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ፦

በዘገየ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ሰው የሚጠብቀው ማንን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ሃርድ ዲስኩን ነው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ የተፈለገው መረጃ ከአንባቢው ጭንቅላት ሥር እስኪደርስ በአማካይ ከ4 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጃል። ጭንቅላቱ ራሱ ወደ ቦታው እስኪሄድ ደግሞ 8 ወይም 9 ሚሊሰከንድ ይጨመርበታል። ስለዚህ በሰከንድ ማንበብ የሚችለው 80 ያህል የተበታተነ ቦታ ነው። ዊንዶውስ ሲነሣ የሚፈልገው ግን እዚህም እዚያም የተቀመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ነው። ተስክ ማናጀር ላይ ዲስኩ 100 በመቶ ተይዞ የሚተላለፈው መረጃ በሰከንድ 1 ወይም 2 ሜጋባይት ብቻ ሲሆን የምናየው ለዚህ ነው። ተራ የሳታ (የቆየው የዲስክ ማገናኛ) ኤስኤስዲ ያንን የ12 ሚሊሰከንድ ጥበቃ ወደ አንድ አሥረኛ ሚሊሰከንድ ገደማ አወረደው። መቶ እጥፍ ማለት ነው። ከዚህ የሚስተካከል ዝላይ ያሳየ ሌላ የኮምፒውተር ክፍል አላውቅም።

ጥቅሙም ለሀብታም ብቻ የመጣ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በየቢሮውና በየጽሕፈት አገልግሎቱ የሚሠሩት ያገለገሉ ዴስክቶፖች፣ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ5 የያዙት ሳይቀሩ፣ ለጽሑፍና ለሒሳብ ሥራ ፕሮሰሰራቸው አሁንም ይበቃል። ወደ ኋላ የያዛቸው ዲስኩ ነው። 240 ጊጋባይት የሳታ ኤስኤስዲ ገብቶላቸው ራማቸው 8 ጊጋባይት ሲሆን ሌላ ማሽን ይሆናሉ።

አሠራሩ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። መጀመሪያ የአሮጌውን ዲስክ የጤና መረጃ ያንብቡ፤ የተበላሹ ሴክተሮች ከታዩ ወደ ክሎን (ዲስኩን እንዳለ ወደ አዲሱ መገልበጥ) አይቸኩሉ፤ ሰነዶቹን ብቻ ቀድተው ዊንዶውስን በአዲስ ይጫኑ። ዲስኩ ጤናማ ከሆነና አዲሱ ኤስኤስዲ ከአሮጌው ያነሰ ከሆነ፣ ክሎን ከማድረግዎ በፊት ፓርቲሽኑን (የዲስኩን ክፍልፋይ) ያሳንሱ። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው ቅንብር) ውስጥ የሳታውን ሁነታ ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ በድንገት ወደ ኤኤችሲአይ ከቀየሩት ማሽኑ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ አልነሣም ይላል፤ ትክክለኛ ድራይቨሩን እንዲያነሣ አስቀድመው በሴፍ ሞድ እንዲጀምር ያዙት። የኤም.2 ዓይነት (ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ቀጭን ኤስኤስዲ) ሲገዙም ስሎቱ ሳታ ይሁን ኤንቪኤምኢ (ከሳታ የፈጠነው አዲሱ ዓይነት) ከማዘርቦርዱ መመሪያ ያረጋግጡ። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ 22 በ80 ሚሊሜትር ስለሆኑ በዓይን ይመሳሰላሉ፤ አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባም ማሽኑ አያውቀውም።

ተቃዋሚ፦

ወንድሜ ያነሡት ዝላይ እውነት ነው፤ ግን አንድ ጊዜ ተዘሎ አልቋል። ከዚያ ወዲህ ማከማቻው ያደገው በማሸጊያው ላይ በሚጻፈው ቁጥር ብቻ ነው። በፒሲአይኢ (የማዘርቦርዱ ፈጣን የመረጃ መስመር) 3ኛ ትውልድ የሚሠራ ኤንቪኤምኢ በሰከንድ 3500 ሜጋባይት ያህል ያነብባል፤ 4ኛው ትውልድ ወደ 7000፣ 5ኛው ወደ 14000 ወጣ። እነዚህ ግን አንድ ትልቅ ፋይል በተርታ ሲነበብ የሚገኙ ቁጥሮች ናቸው። ወንድሜ ራሳቸው የተከራከሩበትን ትንንሽ የተበታተነ ንባብ፣ ማለትም 4 ኪሎባይት አንድ በአንድ ሲነበብ፣ ስንለካ ጥሩ ኤንቪኤምኢ የሚሰጠው በሰከንድ ከ60 እስከ 100 ሜጋባይት ነው። ተርታ ንባቡ አራት እጥፍ ሲሆን ይኼኛው እጥፍ እንኳ አልሆነም። ሰው ልዩነቱ የማይሰማው ለዚህ ነው። ጨዋታዎች ከኤስኤስዲ በቀጥታ እንዲጭኑ ታስቦ ማይክሮሶፍት በ2022 ያወጣው ዳይሬክትስቶሬጅም እስካሁን የሚጠቀሙበት ጨዋታዎች ጥቂት ናቸው።

ርካሹ ኤስኤስዲ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የራሱ ዲራም (ፈጣን ጊዜያዊ ሜሞሪ) የሌለው ኪውኤልሲ (በአንድ ሕዋስ አራት ቢት የሚይዝ ርካሽ ዓይነት) ድራይቭ መጀመሪያ ላይ ፈጣን የሚመስለው ከባዶ ቦታው ከፊሉን እንደ ካሽ (ፈጣን ጊዜያዊ ማረፊያ) ስለሚጠቀም ነው። 200 ጊጋባይት ቪዲዮ ሲገለበጥበት ካሹ ይሞላና ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 100 ሜጋባይት አካባቢ ይወርዳል፤ ጥሩ ሃርድ ዲስክ ይበልጠዋል። ድራይቩ በሞላ ቁጥር ካሹም ይጠባል፤ ቢያንስ 15 በመቶውን ባዶ መተው ያስፈልጋል። መብራት ድንገት በሚጠፋበት አገር ደግሞ የባሰ ነገር አለ። ለቤት የሚሸጡት አብዛኞቹ ኤስኤስዲዎች መብራት ሲቋረጥ የያዙትን ጽፈው የሚጨርሱበት ካፓሲተር የላቸውም። መረጃው የት እንዳለ የሚናገረው ሰንጠረዥ ከተበላሸ ድራይቩ ባዮስ ላይ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ ድምፅ አሰምቶ፣ ዘግይቶ፣ አስጠንቅቆ ነው የሚሞተው። ኤስኤስዲ ያለው ሰው ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) እና ሌላ ዲስክ ላይ የተቀመጠ ቅጂ ያስፈልገዋል።

ግራፊክስ ካርዱ ግን ከዚህ በፊት የማይቻለውን አስቻለ። ካርድ ሠሪው ኤንቪዲያ በ2018 ያወጣው የአርቲኤክስ 20 ተከታታይ ብርሃን በትዕይንቱ ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ በራሱ ሃርድዌር ማስላት ጀመረ። ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ሥዕል ፕሮግራም ላይ በፕሮሰሰር ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጅ ሥራ በካርዱ ሻይ ተፈልቶ ሳይጠጣ ያልቃል። በ2022 የመጡት ካርዶች ኤቪ1 በሚባለው የማመቂያ ስልት ቪዲዮን በሃርድዌር ያመቃሉ፤ በደካማ ኢንተርኔት ቪዲዮ ለሚልክ ሰው፣ ለዚያው ጥራት ያነሰ ዳታ ማለት ነው።

ደጋፊ፦

አስቻለ ያሉት ለማን ነው? በ2016 ኤኤምዲ አርኤክስ 480ን በ8 ጊጋባይት ቪራም (የካርዱ የራሱ ሜሞሪ) በ239 ዶላር አወጣ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4060ን በ299 ዶላር ሲያወጣ ቪራሙ ያው 8 ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ የኤስኤስዲ ጊጋባይት ዋጋ በብዙ እጥፍ ወርዷል። ግራፊክስ ካርድ ይህን ለተራ ገዢ አላደረገም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ቪራሙ ሲሞላ የሚሆነውን ልንገራችሁ። የአርቲኤክስ 4060 የራሱ ሜሞሪ በሰከንድ 272 ጊጋባይት ያስተናግዳል። የተረፈው ቴክስቸር (በጨዋታው ዕቃዎች ላይ የሚለበጠው ምስል) ወደ ማዘርቦርዱ ራም ሲወጣ ግን መንገዱ ፒሲአይኢ ነው፤ ካርዱ 8 መስመር ብቻ ስላለው በ4ኛው ትውልድ 16 ጊጋባይት ገደማ፣ ፒሲአይኢ 3 ባለው አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ደግሞ 8 ብቻ ያልፋል። ያገለገለ ማሽን ያለው፣ ርካሽ ካርድ የሚገዛው ሰው፣ በትክክል እሱ ነው የሚጎዳው። አማካዩ በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ሆኖ ሳለ እይታው በየሰከንዱ ይቆራረጣል፤ ወይም ግድግዳው ላይ ያለው ቴክስቸር ደብዝዞ ይቀራል።

ከላይኛው ደረጃ ያሉት ካርዶችስ? አርቲኤክስ 5090 575 ዋት ይጠጣል። ይህ በ12 ቮልት 48 አምፔር ያህል ነው፤ ካርዱ ኃይል በሚያገኝበት ባለ 16 ፒን ማገናኛ ላይ ኃይል የሚያስገቡት ስድስት ፒኖች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ 8 አምፔር ይደርሰዋል። የፒኑ አቅም 9.5 ነው። የቀድሞው ባለ 8 ፒን በ150 ዋት በፒን 4.2 አምፔር ገደማ ብቻ ነበር የሚያሳልፈው። አንዱ ፒን በደንብ ካልነካ የእሱ ድርሻ ወደ ሌሎቹ ይሄዳል፤ እነሱ ይግላሉ፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። በ2022 መጨረሻ በአርቲኤክስ 4090 ላይ የታየው ይኸው ነው። ይህን ዕድገት ልለው አልችልም።

ፍሬም ጀነሬሽንም፣ ማለትም ካርዱ በሁለት እውነተኛ ፍሬሞች መካከል ሌላ ፍሬም ፈጥሮ መጨመሩ፣ እንደዚሁ። ካርዱ መካከለኛውን ፍሬም ለመፍጠር ቀጣዩን እውነተኛ ፍሬም ይዞ መጠበቅ አለበት። በ30 ፍሬም የሚሠራ ጨዋታ በቁጥር 60 ቢል እጅዎ የሚሰማው የ30ው 33 ሚሊሰከንድ፣ ከዚያም በላይ ነው።

ተቃዋሚ፦

ስለ ፍሬም ጀነሬሽን አልከራከርዎትም፤ መሠረቱ 60 ፍሬም ካልሆነ ባይከፍቱት ይሻላል። ስለ ማገናኛው የሰጡት ስሌትም ልክ ነው፤ የተሻሻለው ዓይነት የመለያ ፒኖቹ (ገመዱ መግባቱን ለካርዱ የሚያሳውቁት ትንንሾቹ) ስላጠሩ በደንብ ካልገባ ካርዱ ኃይል እንዳይጠይቅ ተደርጓል፣ የአንድ ፒን ብቻ መጋል ግን በዚህ አይጠፋም። ስለዚህ እስኪቆልፍ ይግፉት፣ ጎትተው ይፈትሹት፣ ከማገናኛው አጠገብ ባለው 3.5 ሴንቲሜትር ውስጥ ኬብሉን አያጥፉ፣ የኃይል ገደቡን ወደ 80 በመቶ ያውርዱ። የሚያጡት ፍጥነት ጥቂት በመቶ ነው።

የዘለሉት ግን ዋናው ነው፤ አፕስኬሊንግ፣ ማለትም አነስ ያለ ምስል ሥሎ ወደ ትልቅ ማሳደግ። የኤንቪዲያው ዲኤልኤስኤስ በኳሊቲ ሁነታ ለ4ኬ ስክሪን የሚሥለው 2560 በ1440 ነው፤ ይህ ከሙሉው ፒክስል 44 በመቶው ነው። የቀረውን የሠለጠነው ሞዴል ይሞላዋል። ጥር 2025 ላይ የመጣው አዲሱ ሞዴል ደግሞ እስከ 2018ቱ አርቲኤክስ 20 ድረስ ወርዶ ይሠራል። ከሰባት ዓመት በፊት የተገዛ ካርድ በሶፍትዌር ብቻ የጠራ ምስል አገኘ። በሰባት ዓመቱ እንዲህ የተሻሻለ ኤስኤስዲ ያሳዩኝ።

የ8 ጊጋባይቱ ቅሬታ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን አለመግዛት ነው። አርቲኤክስ 5060 ቲአይ በ2025 ሲወጣ በ8 ጊጋባይቱና በ16ቱ መካከል የነበረው ልዩነት 50 ዶላር ነበር። ባለ 8 ካርድ ያለው ሰው ደግሞ የቴክስቸሩን ደረጃ በአንድ ያውርድ፤ መቆራረጡ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቆማል።

ያገለገሉትን የቢሮ ዴስክቶፖች ካነሡም፣ ለእነሱም ካርድ አለ። ብዙዎቹ ፓወር ሰፕላያቸው 240 ወይም 290 ዋት ነው፤ ለካርድ የሚሆን ባለ 6 ፒን ገመድ የላቸውም። በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050 70 ዋት ብቻ ስለሚወስድ ከስሎቱ በሚያገኘው ይሠራል። ቀጭን ሳጥን ከሆነ ግማሽ ቁመት ያለውን ዓይነት ይጠይቁ፤ አጭሩ የብረት ማሰሪያ ሳጥኑ ውስጥ መኖሩን ሳያዩ አይክፈሉ።