ሮቶው እና እንቁላል ግንቡ

ጎንደር ውስጥ ቤት ለመሥራት የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ መኝታ ቤቱ አይደለም፤ ስለ ግንቡ ነው። ጎረቤቴ ጋሼ የቦታቸው ካርታ እጃቸው በገባ በሳምንቱ ማታ በሬን አንኳኩ። ስዕል እንደምሞካክር ሰፈሩ ያውቃል፤ የእድራችንን ሰሌዳ የጻፍሁት እኔ ነኝ።

«ልጄ፣» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ፣ «እንደ ፋሲል አድርገህ ሣልልኝ።»

«ቦታው ስንት ካሬ ነው ጋሼ?»

«ሁለት መቶ።»

የፋሲል ግንብ ቁመቱ 32 ሜትር ነው። ግቢውን የከበበው አጥር 900 ሜትር ይረዝማል፤ 12 በሮችም አሉት። የጋሼ ግቢ አንድ በር ይበቃዋል፤ እሱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ሲከፈት የእኔን ግድግዳ ይገጫል። እምቢ ግን አላልሁም። የጎንደር ልጅ ሆኖ ግንብ ሣል ሲባል እምቢ የሚል ማን አለ? በቡና ስኒው፣ በቲሸርቱ፣ በሆቴሉ አጥር፣ በሠርግ መጥሪያው ሁሉ ግንቡን አስቀምጠነዋል። የእግር ኳስ ክለባችን ስሙ ፋሲል ከነማ፣ መጠሪያው «አፄዎቹ» ነው፤ ሦስት ለባዶ ሲሸነፍ እንኳ የሚሸነፉት አፄዎቹ ናቸው። አንድ ፎቶ ቤት ደግሞ አውቃለሁ፤ ከግቢው በእግር አምስት ደቂቃ አይርቅም፤ ደንበኞቹን የሚያነሣው ግን ሸራ ላይ በታተመ ግንብ ፊት ነው። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ «እዚያ ፀሐዩ ዓይን ያስጨፍናል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የሸራው ሰማይ ክረምት ከበጋ ጥርት ያለ ነው።

እነዚያ ባለቤቶቹ ግን እንዲህ አልነበሩም። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ቆርቁረው ባለ አራት እንቁላል ግንቡን አቆሙ። ልጃቸው ጻድቁ ዮሐንስ የአባታቸውን አልደገሙም፤ የእሳቸው ስም የሚነሣው በቤተ መጻሕፍታቸው ነው። የልጅ ልጃቸው አድያም ሰገድ ኢያሱ ደግሞ ጣሪያው እንደ ኮርቻ የሆነ ቤተ መንግሥት ሠርተው ውስጡን በዝሆን ጥርስና በመስታወት አስጌጡት። ዳዊት መጡ፣ የዘፈን አዳራሽ ሠሩ። በካፋም ምንትዋብም የየራሳቸውን ጨመሩ። ሁሉም በአንድ አጥር ውስጥ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ አንዱም ሌላውን ሳይመስል! «እንደ አያቴ አድርገህ ሣልልኝ» ያለ ንጉሥ አልነበረም። ጣሊያን እንኳ በ1928 ዓ.ም. ገብቶ በኅዳር 1934 እጁን እስኪሰጥ ድረስ ፒያሳ ላይ ልሙጥ ፎቆቹን ደረደረ እንጂ ግንብ አልቀዳብንም።

መስታወቱንም ቢሆን ዛሬ የመጣ አስመስለን እንፎክርበታለን። ኢያሱ ከቤት ውስጥ ያደረጉትን መስታወት የዘመኑ ባለ ፎቅ ወደ ውጭ ገለበጠው፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። ጥቅም የለውም አልልም፤ ከቅዳሴ የሚመለሱ እናቶች ነጠላቸውን የሚያስተካክሉት እሱን እያዩ ነው። ከውስጥ የተቀመጠው ሠራተኛ ግን ከሰዓት በኋላ ድፎ ዳቦ ሆኖ ይወጣል።

ወደ ጋሼ ልመለስ። መሠረቱ ሲቆፈር ድንጋይ ወጣ፤ ጎንደር ነውና ሌላ ምን ሊወጣ ነበር? ጥቁር፣ ጠንካራ፣ ጠርበው ቢያቆሙት ከልጅ ልጅ የሚተርፍ ድንጋይ። ግማሹ መሠረት ውስጥ ተቀበረ፤ የቀረው በጋሪ ተጭኖ ተሸጠ። ግድግዳው በብሎኬት ወጣ፣ ተለሰነም። ከዚያ በኋላ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ለሳኙ ልስኑ ሳይደርቅ ረጅም ሚስማር ይዞ መሰላል ላይ ወጣና ግድግዳውን መሰንጠቅ ጀመረ። አንዱን ሰፊ፣ አንዱን ጠባብ፣ አንዱን ጎባጣ አድርጎ ይስላል፤ ራቅ ብሎ ያያል፤ ምላሱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ እንደገና ይሰነጥቃል። ድንጋይ እየሠራ ነበር። በማግስቱ መስመሮቹን በነጭ ቀለም አደመቃቸው። ጋሼ መዳፋቸውን አሳርፈው፣ «ይኸውልህ፣ ቁርጥ የኖራ ግንብ!» አሉ። የሸጡት ድንጋይ ገና ከመንገዱ ማዶ ተከምሮ ነበር።

የጣሪያው ነገር ትንሽ አጨቃጨቀን። ሳሎኑ በጂፕሰም ተሠርቶ ዙሪያውን ሐምራዊ መብራት ከገባለት በኋላ፣ መካከሉ ላይ የደብረ ብርሃን ሥላሴን መላእክት እንድሥል ፈለጉ።

«ጋሼ፣ እነዚያ መላእክት እኮ ዓይናቸው የማያይበት አቅጣጫ የለም። እርስዎ ሶፋው ላይ ተጋድመው ኳስ ሲያዩ፣ ሲሳደቡ…»

ባለቤታቸው ቡናውን እየቀዱ ጣልቃ ገቡ፦ «ይሣሉ እንጂ! ቢያንስ በዚህ ቤት ማን እንደሚሠራ የሚያይልኝ ይገኛል።»

ጋሼ ጥቂት አሰቡና በመላእክቱ ፈንታ ደመና ይሁን አሉ።

ሁሉም አልፎ ወደ ማማው ደረስን። ማማው የእኔ ሥራ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ። ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ የሌለው ቤት፣ ቤት አይባልም። ጥቁር ሮቶ ደግሞ ከግንብ ራስ ላይ ሲታይ ያስጠላል። ስለዚህ እንቁላል ግንቡን ባዶ አድርጌ ነደፍሁት፤ ሮቶው ውስጡ ተደብቆ ይቀመጣል። በዚህ ሐሳብ ራሴን እንዴት አድርጌ እንዳደነቅሁ! ባለ ግንቦቹ ነገሥታት ያልደረሱበት ዘዴ መስሎኝ ነበር። ፌሮው ታጠፈ፣ ኮንክሪቱ ተሞላ፣ ጉልላቱ ሉል ሆኖ ወጣ። ሰፈሩ አንጋጦ አየ። በሦስተኛው ሳምንት ሮቶው በጭነት መኪና መጣ።

የማማው መስኮት ስፋት ስልሳ ሳንቲ ሜትር ነበር።

አራት ጎረምሶች ሮቶውን አንዴ በቁሙ፣ አንዴ በጎኑ ሞከሩት። አንደኛው አየር እንዲቀንስለት ክዳኑን ከፈተው። ግምበኛው እኔን አየ፤ እኔ ንድፉን አየሁ። ጋሼ አንድ ቃል ሳይናገሩ ከታች ቆመው ቆዩ። በመጨረሻ የብረት ማቆሚያ ተበየደለትና ሮቶው ከእንቁላል ግንቡ ጎን፣ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተተከለ። አሁን ከሩቅ የሚታየው እሱ ብቻ ነው።

ትናንት ማታ በሬ እንደገና ተንኳኳ።

«ልጄ፣» አሉ ጋሼ፣ በዚህ ጊዜ ተቀምጠው፣ «ፕላስቲክ ላይ ቀለም ይይዛል?»

«ይይዛል ጋሼ፤ ምን ልቀባልዎት?»

«ድንጋይ።»