የአርታኢው ሥራ ወደ ተማሪው ሲዛወር

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 2013 አሶሺየትድ ፕሬስ በተባለው የአሜሪካ የዜና ወኪል የትዊተር አካውንት ላይ አንድ ሰበር ዜና ወጣ። ዋይት ሐውስ ውስጥ ሁለት ፍንዳታ ደረሰ፣ ባራክ ኦባማም ቆሰሉ ይላል። ውሸት ነበር። አካውንቱ ተጠልፎ ነው። ማስተባበያው ብዙም ሳይቆይ መጣ። ያም ሆኖ በነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ መለኪያ ዳው ጆንስ 140 ነጥብ ገደማ አሽቆልቁሎ ነው የተመለሰው።

ያን ዜና ስልኩ ላይ ያየ ሰው ሁሉ ብቻውን መወሰን ነበረበት። ልመን? ልጠብቅ? ለሌላ ሰው ላስተላልፍ? ቀደም ሲል ይህን የሚወስንልን ሰው ነበር፤ አርታኢ ይባላል። «ምንጭህ ማነው? ሁለተኛ ምንጭ አለህ? የሚመለከተውን ሰው ደውለህ ጠይቀሃል?» እያለ ጋዜጠኛውን ያፋጥጠዋል። መልስ የሌለው ዜና አይወጣም። አርታኢው ዛሬም አለ። ብዙው ወሬ ግን በእሱ በኩል አያልፍም፤ በቀጥታ እጃችን ይገባል።

ስለ ጋዜጠኝነት ችግር ሲወራ የማስታወቂያ ገቢ ይነሳል። ስለ ትምህርት ሲወራ ደግሞ ስልክና ኩረጃ። ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች አድርገን ይዘናቸዋል። ለእኔ ግን አንድ ናቸው። ዜና ክፍሉም የመማሪያ መጽሐፉም መረጃን አበጥረው ነበር የሚያቀርቡልን። ኢንተርኔት ይህን ሥራ አንባቢው ላይ ጣለው። ስለዚህ ጋዜጠኞች የሚያውቁትን የማጣራት ልማድ ትምህርት ቤት ከማንበብና ከመጻፍ እኩል ማስተማር አለበት ብዬ አምናለሁ።

የገቢው ጉዳይ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረው ክሬግስሊስት ሰዎች በትንንሽ ማስታወቂያ የሚሸጡትንና የሚያከራዩትን በነፃ ማውጣት አስቻላቸው። ለጋዜጦች ግን ትልቅ የገንዘብ ምንጭ ነጠፈ። በአሜሪካ ኮሎራዶ ይታተም የነበረው ሮኪ ማውንቴን ኒውስ በፌብሩዋሪ 2009 ሲዘጋ 150ኛ ዓመቱን ሊያከብር ሁለት ወር እንኳ አልቀረውም ነበር። ጋዜጣ ሲዘጋ ፍርድ ቤትና ምክር ቤት ቁጭ ብሎ የሚከታተል ሰውም አብሮ ይጠፋል። ይህን ክፍተት በፖስትና በኮሜንት መሙላት አይቻልም።

ደግሞም ኢንተርኔት ለጋዜጠኝነት የሰጠውን መካድ ግፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነውን፣ ባለሀብቶችና ፖለቲከኞች ሀብታቸውን በውጭ አገር ኩባንያዎች እንዴት እንደሚሸሽጉ ያጋለጠውን የፓናማ ሰነድ አስቡት። 11.5 ሚሊዮን ፋይል ነው። ከ370 በላይ ጋዜጠኞች በተለያዩ አገሮች ሆነው አብረው መረመሩት። ያለ ኢንተርኔት የማይታሰብ ነገር ነው።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣውን ምርመራ ነው። በካሜሩን ወታደሮች ሴቶችንና ሕፃናትን ሲገድሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ተሰራጨ። መንግሥት በመጀመሪያ ሐሰተኛ ዜና ነው አለ። ጋዜጠኞቹ በቪዲዮው ጀርባ የሚታየውን የተራራ ቅርጽ ከሳተላይት ምስል ጋር አመሳከሩና ቦታውን አገኙት። በመሬት ላይ ከወደቀው ጥላ ደግሞ ጊዜውን አሰሉ። እያንዳንዱን እርምጃ ለተመልካቹ አሳዩ። «እመኑን» አላሉም፤ እንዴት እንዳወቁ አሳዩን። እ.ኤ.አ. በ2020 በግድያው የተከሰሱ ወታደሮች ተፈረደባቸው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። ችግሩ ሰበር ዜናው እስኪያድር የሚጠብቅ ሰው መጥፋቱ ነው። ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በትዊተር ላይ የተሰራጩ 126,000 ገደማ ወሬዎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ውጤቱን አውጥተዋል። ሐሰተኛው ወሬ ለሌላ ሰው የመተላለፍ ዕድሉ ከእውነተኛው በ70 በመቶ ይበልጣል። ለዚህ ልዩነት ምክንያቱ በዋናነት ቦቶች፣ ማለትም በራሳቸው የሚለጥፉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች፣ እንዳልሆኑም አረጋግጠዋል። የሚያሰራጨው ሰው ነው። እኛው ነን።

ወደ ክፍል እንግባ። በኢንተርኔት የመጣው በረከት እዚህም ብዙ ነው። ሳልማን ካን ዘመዱን በርቀት ሒሳብ ሲያስጠና የተጀመረው ነገር ዛሬ ካን አካዳሚ የተባለ የነፃ ትምህርት ድረ ገጽ ሆኖ ሚሊዮኖች ይማሩበታል። ማብራሪያው ያልገባው ልጅ ማንንም ሳያፍር ደጋግሞ ያየዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። መሣሪያ ብቻውን ግን አያስተምርም። በፔሩ ለተማሪዎች ላፕቶፕ የታደለበት ሰፊ ፕሮግራም ሲገመገም በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ለውጥ አልታየም።

የማጣራት ችሎታም ከትምህርት ደረጃ ጋር አብሮ አይመጣም። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳም ዋይንበርግና ሣራ ማክግሩ የታሪክ ምሁራንን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንና በሙያቸው መረጃ አጣሪ የሆኑ ሰዎችን አንድ ዓይነት ድረ ገጾች ሰጥተው አወዳደሩ። ምሁራኑና ተማሪዎቹ ገጹን ከላይ እስከ ታች በጥንቃቄ አነበቡ። ብዙዎቹ በሎጎውና በገጹ ያማረ አቀራረብ ተታለሉ። አጣሪዎቹ ግን ገጹን ገና ከጅምሩ ትተውት ወጡ። አዲስ ታብ ከፍተው የድርጅቱ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ሌሎች ስለ እሱ ምን እንደሚሉ ፈለጉ። ፈጥነውም፣ በትክክልም ደረሱበት።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ትምህርት ቤት ሁላችንንም ያስተማረን ተቃራኒውን ነው፤ የተሰጠህን በትኩረት አንብብ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ለመማሪያ መጽሐፍ ትክክል ነው፤ መጽሐፉን ሌላ ሰው አስቀድሞ አጣርቶታልና። ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ገጽ ላይ ግን ይህ ልማድ ሊያታልል ለሚፈልግ ሰው ጊዜን አሳልፎ መስጠት ነው። ደስ የሚለው፣ የአጣሪዎቹ ዘዴ ከባድ አይደለም። አንድ ልጅ ሊለምደው ይችላል።

ለጥያቄ በጽሑፍ መልስ የሚሰጠው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ቻትጂፒቲ በኖቬምበር 2022 ከወጣ ወዲህ ነገሩ ይበልጥ አጣዳፊ ሆኗል። ልክ ሲሆንም ሲሳሳትም በአንድ ዓይነት ልበ ሙሉነት ነው የሚመልሰው። አንዳንዴ የሌለ መጽሐፍ ይጠቅሳል። ብዙ መምህራን መከልከልን መርጠዋል፤ ድካማቸው ይገባኛል። እኔ ግን የቤት ሥራውን ብንገለብጠው እላለሁ። ተማሪው የማሽኑን መልስ ይዞ ይምጣ። ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ምንጭ ይፈልግ። ስህተቱን ያስምርበት። ማርክ የሚያገኘውም በማጣራቱ ይሁን።

«መምህሩ ጊዜ ከየት ያመጣል?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ሥርዓተ ትምህርቱ ሞልቷል። ለዚህ ነው አዲስ የትምህርት ዓይነት ይጨመር የማልለው። በታሪክ፣ በሳይንስና በቋንቋ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ይግባ። አንድ ጥንቃቄ ግን ያሻል፤ ዓላማው ልጆችን ሁሉን ተጠራጣሪ ማድረግ አይደለም። «ሁሉም ውሸታም ነው» የሚል ልጅ ሁሉን ከሚያምነው እኩል ተታላይ ነው። አጥብቆ መጠየቅ ብቻ ሳይሆን፣ ማስረጃ ሲያገኝ ማመንንም ይማር።

ጋዜጠኞችም ድርሻ አላቸው። ሰነዱን ከዘገባው ጋር ያያይዙ። እርማቱን ስህተቱ በወጣበት ቦታ፣ በዚያው ጉልህነት ያውጡት። የተጠናቀቀ ምርመራ ሲኖራቸው ምንጭ የማያጋልጠውን የሥራ ማስታወሻቸውን ለትምህርት ቤቶች ይክፈቱ። የትኛው ጥቆማ እንደተጣለና ለምን እንደተጣለ ተማሪዎች ይዩት።