«ጥናቱን ተዉትና መድኃኒቱን ስጡን»

ሰሞኑን ሁለት የማውቃቸው ሰዎች በመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት ላይ ስለሚደረግ ጥናት ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛው ጡረታ የወጡ የቢሮ ሰው ናቸው፤ ብዙ ስብሰባ መርተዋልና ዛሬም ሊናገሩ ሲሉ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ሌላዋ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት።

«ድሃ ጥናት አይውጥም!» አሉ ሰውየው። «ለመጠይቁ የወጣው ገንዘብ ስንት ክኒን ይገዛ ነበር?» ክኒኑ ለየትኛው በሽታ እንደሚገዛ ግን አልነገሩንም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም ጋሼ?» አለቻቸው።

«እሱ ለሕመምተኛ የተነገረ ነው።»

«ለጤና ጣቢያም ይሆናል» ብላ የአንድ መዝገብ ታሪክ አጫወተችን። አጥኚዎች መጥተው የደም ግፊት መዝገቡን ሲገልጡ ገጹ ከላይ እስከ ታች 120/80 ነው፤ የጤነኛ ሰው ልክ። ሽማግሌውም ነፍሰ ጡሯም 120/80። ለካ መለኪያው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ዓምዱ ባዶ እንዳይታይ ግን በየቀኑ ይሞላል። ወደ ላይ የሚሄደው ሪፖርት ሁሉም ጤነኛ ነው ካለ፣ ሰውየው የሚመኙትን ክኒን ማን ይልካል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ማለት ይኸው ነው።

«ታዲያ መለኪያ መግዛት ነዋ!» አሉ፣ የረቱ መስሏቸው። መበላሸቱ በምን እንደታወቀ ለመጠየቅ አልቸኮሉም።

ነርሷ ግን አልለቀቀቻቸውም። «የልጅ ልጆችዎን ተቅማጥ ሲይዛቸው የሚያጠጧቸው ኦ.አር.ኤስ.፣ ያ የስኳርና የጨው ብጥብጥ፣ ከሰማይ የወረደ ይመስልዎታል?» ግሉኮስ አንጀት ጨውንና ውሃን እንዲመጥ እንደሚያግዝ የታወቀው በምርምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ዳካ ውስጥ በኮሌራ ሕሙማን ላይ ተሞከረ። በ1971 ደግሞ ከጦርነት የሸሹ ሰዎች በተጠለሉበት በሕንዷ ባንጋኦን፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ድብልቁን በበርሜል አዘጋጅተው ቤተሰብ እያጠጣ እንዲያስታምም አደረጉ። ከመቶ ሕሙማን 30 ያህሉ ይሞቱ የነበረው ከ4 በታች ወረደ። የሞተውንና የዳነውን ቆጥረው ባይጽፉ ኖሮ ማን ያምናቸው ነበር?

«እሱ ድሮ ነው» አሉ ጋሼ።

መልስ አላቸው ከተባለ ይህ ነበር። አገሮች ስለ መጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት የተስማሙበት የ1978ቱ የአልማ አታ መግለጫ ራሱ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት በሳይንስ በተረጋገጠ ዘዴ ይቁም ማለቱን ቢሰሙ ምን ይሉ እንደነበር አላውቅም። በእርግጥ ሊያነሡት የሚገባ ነገር ነበራቸው፦ አጥኚው ጠይቆ ይሄዳል፤ መልስ ለሰጡት የጤና ባለሙያዎች ውጤቱን ተመልሶ የሚነግራቸው የለም። ይህ ያስቆጣል። እርሳቸው ግን ይህን ትተው ክኒን ይቆጥራሉ።

እኔን የሚያበሳጨኝ የጤና ጣቢያው መዝገብ ብቻ አይደለም። ዘመኑ ራሱ በሽታውን ደባቂ ሆኗል። ዕቅዱ ሁሉ መቶ በመቶ ተሳክቷል፤ ተማሪው ሁሉ አልፏል፤ ቅሬታ ሰሚው ክፍል ቅሬታ አልደረሰውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን ያደግን ሰዎች ደባቂውን ታታሪ ብለን እንሸልማለን። በስብሰባ መሀል ተነሥቶ «ይህ ሥራ አልሠራም» ያለውን ደግሞ ጨለምተኛ እንለዋለን፤ በሻይ ዕረፍት እንኳን አጠገቡ የሚቆም አይገኝም።